ቆዳ ሲቸኩል

ስሙኝማ! የዛሬው ትረካዬ የንጉሥ አይደለም፤ የዘማችም አይደለም። የአንዲት እጅ ዜና መዋዕል ነው። መጀመሪያው በደቂቃ ይቆጠራል፣ መሃሉ በቀን፣ መጨረሻው ዓመት ያልፋል።

ሰሞኑ መስቀል ነው። መርካቶ ሱቁን ከፍቶ የከረመው ጉራጌ ሁሉ ቆልፎ ወጥቷል። በወልቂጤ መንገድ አውቶቡሱም ሚኒባሱም ጢም ብሏል፤ በቡታጅራ በኩልም እንደዚያው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ጀፎረው ይቀበላችኋል፤ ሰፊው፣ ሣር የለበሰው የመንደር ጎዳና፣ ግራና ቀኙ ጎጆ፣ ከጎጆው ጀርባ እንሰት። ከአንዱ ጎጆ እንግባ። መሃል ላይ ምሰሶው ቆሟል። ከወዲያ ከብቶቹ ያመሰኳሉ፣ ከወዲህ ምድጃው ይነድዳል። ምድጃው ከለላ የለውም፤ ሦስት ጉልቻ ነው፣ እሳቱ ከወለሉ ነው የሚነሣው። ለአዋቂ ከጉልበት በታች የሆነው ድስት ለሕፃን ደረቱ ላይ ነው።

ለጎመን ክትፎው ጎመን እየተቀቀለ ነው። ልጅቷ አራት ዓመቷ ነው። ይህችን ልጅ የወለዳት ትረካው ስለሆነ ስም አላወጣሁላትም፤ አደጋዋ ግን የብዙ ቤት ነው። የእናቷን ቀሚስ ልትይዝ የተዘረጋችው እጅ የድስቱን ጆሮ አገኘች። ድስቱ ተገለበጠ። የፈላው ውሃ በግራ እጇ ጀርባ ላይ፣ ከአንጓዋ እስከ ጣቶቿ ወረደ።

ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 ወይም 94 ላይ ይፈላል። አትጽናኑበት! 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የአዋቂን ቆዳ ክፉኛ ለማቃጠል 5 ሰከንድ ይበቃዋል። የሕፃን ቆዳ ደግሞ ስስ ነው።

እዚህ ላይ ጊዜን ላቁመው። ውሃው ምን ላይ እንደወረደ ሳልነግራችሁ ብቀጥል የቀረው ሁሉ አይገባችሁም።

ከሁሉ በላይ ያለው ሞቷል። የምንዳስሰው፣ የምንስመው፣ የምናስውበው ገጽ በሙሉ የሞቱ ሕዋሳት ንጣፍ ነው። የውስጡን ውሃ አያስወጣም፣ የውጭውን ተሐዋስ አያስገባም። ገላችንን ስንታጠብ ተፈግፍጎ ከሚወጣው እድፍ ብዙው እሱ ነው። ከሥሩ ግን ሕያዋኑ አሉ። ከታች በኩል አንድ ረድፍ ሕዋስ ያለማቋረጥ ይራባል፤ አዲሱ አሮጌውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ከታች ተወልዶ፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሞቶ እስኪረግፍ አራት ሳምንት ገደማ ነው። መልካችንን የሚሰጠውን ሜላኒን የሚያመርቱት ሕዋሳትም እዚያው ታች ረድፍ ውስጥ ተሰግስገዋል። ይህ ሁሉ፣ የሞተውም ያልሞተውም ተደምሮ፣ በአብዛኛው ገላችን ላይ ውፍረቱ የ1 ሚሊ ሜትር አሥረኛ ገደማ ነው። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ብቻ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል። የደም ሥር የሚባል ነገር በውስጡ የለም።

ደም ያለው ከእሱ ሥር ባለው በወፍራሙ ቆዳ ውስጥ ነው። ነርቭ፣ የላብ ዕጢ፣ የፀጉር ሥር የሚገኙትም እዚያ ናቸው። ሲጎትቱት የማይበጠሰው ደግሞ ኮላጅን በሚባለው የፕሮቲን ክር ነው። የእንሰትን ቃጫ ያየ ኮላጅንን ለማሰብ አይቸገርም። በጤነኛ ቆዳ ውስጥ ቃጫው ወዲህም ወዲያም ተጠላልፎ የተተወ ስለሆነ በየትም በኩል ቢስቡት ይሳባል፣ ሲለቁትም ይመለሳል። ከዚህ ሥር ስብ አለ። የአንድ አዋቂ ቆዳ ተገፍፎ ቢዘረጋ 2 ካሬ ሜትር ይጠጋል።

አንድ ነገር ደግሞ ያዙልኝ። እያንዳንዷ የፀጉር ሥር ከላይኛው ቆዳ ተነሥታ ወደ ወፍራሙ ትጠልቃለች፤ ስትጠልቅም የላይኛውን ቆዳ ሕዋሳት ይዛ ነው። የላይኛው ቆዳ ዘር እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀመጣል ማለት ነው። እመለስበታለሁ።

በቃ፣ ጊዜው ይለቀቅ። ልጅቷ ጮኸች።

እሰይ ጮኸች! የማይጮህም አለና ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ፣ ማለትም በቡታጅራ ዙሪያ፣ ቤት ለቤት የተካሄደ አንድ ትልቅ ጥናት ሠርተው ነበር። 60,820 ሰው ታየ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ከ1,000 ሰው 1.7 ያህሉ ደግሞ የእጅና የእግር ነርቩ የተጎዳ ሆኖ ተገኘ፤ የብዙዎቹም ምክንያት ሥጋ ደዌ ነበር። ቁጥሮቹን ከዚህች ምድጃ ጋር አገናኟቸው። ሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚያደነዝዝ እጁ የደነዘዘ ሰው ትኩሱን ድስት በባዶ እጁ አንሥቶ ይሄዳል፤ መቃጠሉን የሚያውቀው ቆዳው ሲላጥ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ራሱን ስቶ እሳቱ ላይ ቢወድቅ እጁን ማሸሽ አይችልም። አጠገቡ ያለው ሰው «ይጋባል» ብሎ ሊያነሣው ይፈራል። አይጋባም! የወደቀን ሰው ከእሳት ጎትቶ ያወጣ ሰው በዚያ የተነሣ ሲታመም አልታየም፣ አይታይምም። ይኸኛው ሌላ ትረካ ይወጣዋል፤ ወደ ልጅቷ ልመለስ።

አያት ከጓዳ ቅቤ ይዘው ደረሱ። ለመስቀል ሲጠራቀም የከረመ፣ ቅመም የገባበት፣ ሽታው ጎረቤት የሚጠራ ቅቤ። አጋጣሚ ሆኖ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከጎረቤት ቡና ተጠርታ ነበርና ጩኸቱን ሰምታ ገባች።

«እማማ፣ እባክዎ ቅቤውን ይተዉት። ውሃ! ቀዝቃዛ ውሃ የት አለ?»

«ውሃማ ያባብሰዋል ልጄ! ቃጠሎ ውሃ ከነካው ይቋጥራል።»

«የሚቋጥረው ከቃጠሎው ነው እማማ፤ ውሃው አይደለም። ቀለበት አድርጋለች? አምባሩን አውልቁላት፣ ኋላ ያብጥና ያንቃታል።»

ይህን ንግግር በወልቂጤ ብትሉ በቡታጅራ፣ በሀገሩ ሁሉ ትሰሙታላችሁ። ቅቤ ባይሆን እንቁላል ነው፤ እንቁላል ባይሆን የጥርስ ሳሙና። በጉራጌ ቤት ቅቤን መናቅ አይቻልም፤ እኔም አልንቀውም። ስፍራው ግን ክትፎው ላይ ነው። የተቃጠለ ቆዳ ላይ ሲቀባ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፣ ቆሻሻ ይዞ ይገባል፣ ለሐኪሙም ቁስሉን ይሸፍንበታል።

ውሃው ምን ያደርጋል? ዳግላስ ጃክሰን የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 የቃጠሎ ቁስል ሦስት ክልል እንዳለው ጻፈ። መሃሉ ሞቷል፤ ምንም ቢያደርጉት አይመለስም። ዳርቻው ቀልቷል እንጂ ይድናል። በሁለቱ መካከል ግን አንድ የሚያንገራግር ክልል አለ፤ ደሙ በቀጭኖቹ ሥሮች ውስጥ እየተንቀረፈፈ፣ ለሞትም ለሕይወትም ያልወሰነ። ድስቱ ከተነሣ በኋላም ሙቀቱ ወደ ውስጥ መግባቱን ስለሚቀጥል ይህ ክልል ተራው ደርሶ ሊሞት ይችላል። ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ የሚሟገተው ለእሱ ነው። ዘግይቶም ቢሆን፣ ከአደጋው በኋላ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይጠቅማል። በረዶ ግን አይሆንም፤ ቆዳውን እንደገና ይጎዳዋል። ሕፃን ከሆነች ደግሞ እጇን ብቻ እያቀዘቀዙ ሌላ ገላዋን በጋቢ መጠቅለል ነው።

«20 ደቂቃ የሚፈስ ውሃ ወልቂጤ ላይ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የወልቂጤ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ለውሃ ጥያቄ አደባባይ ወጥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ውሃን እንደ ልብ አፍስሱ ብሎ መምከር ለከተማዋ ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል። እስቲ እናስላው። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። በደቂቃ 1 ሊትር በጣሳ ቀስ እያሉ ቢያንቆረቁሩት ልክ 20 ደቂቃ ይሆናል። አንድ ጀሪካን ለአንዲት እጅ። ውድ ነው፤ ከኋላ ከሚመጣው ወጪ ጋር ሲተያይ ግን በጣም ርካሽ ነው።

ተንቆረቆረ። ልጅቷ ጩኸቷ ወደ ልቅሶ፣ ልቅሶዋ ወደ እህህታ ወረደ። እጇ በንጹሕ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ተሸፈነ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። የእጅ፣ የፊት፣ የመገጣጠሚያና የብልት ቃጠሎ ትንሽ ቢመስልም ቤት ውስጥ አይታከምም። በዚያ ወገን ያለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተውን፣ ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ያለውን አጣጥ ሆስፒታልን ያውቃል፤ የቡታጅራ ሰው የራሱ ሆስፒታል አለው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቷም ተጠየቀ። ከብት ከሰው ጋር በሚያድርበት ቤት ይህ ጥያቄ ለወጉ ያህል የሚጠየቅ አይደለም፤ የበሽታው ተሐዋስ ዘር እበትና አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው።

አሁን በቀን መቁጠር እንጀምር።

በመጀመሪያው ቀን እጇ አበጠ፣ ውሃ ቋጠረ። የተጎዱት ቀጫጭን የደም ሥሮች ፈሳሻቸውን አፍስሰው የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው አላቅቀውታል። አያት ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ አድርገው «ብዬ ነበር» አሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መለሰችላቸው እንጂ ያመኗት አልመሰለኝም።

በሰዓታት ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ስፍራው ጎረፉ። የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያ ይበላሉ፣ በልተውም ይሞታሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ግዙፎቹ፣ ማክሮፌጅ የሚባሉት ይደርሳሉ፤ የሞተውን ሥጋ ይጠርጋሉ፤ ከጠረጉ በኋላም ሌሎችን ጠሪ ናቸው፤ «ጠጋኝ ይምጣ፣ የደም ሥር ይብቀል» የሚል ኬሚካላዊ መልእክት ይለቃሉ። ቁስል በዚህ ሰሞን ቢቀላ፣ ቢሞቅ፣ ቢያብጥ ሥራ ላይ ነው። ቅላቱ በየቀኑ ወደ ጤነኛው ቆዳ እየሰፋ ከሄደ፣ ከሸተተ፣ ልጅቱም ካተኮሳት ግን ያ ማመርቀዝ ነው፤ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ያስፈልጋል።

በአራተኛው ቀን አባት ፋሻውን ሊፈቱት ነበር። «ቁስል አየር ይንካው እንጂ፣ ታፍኖ እንዴት ይደርቃል?» አሉ። ይህንንም በሀገሩ ሁሉ ትሰሙታላችሁ፤ በሌላውም ዓለም እስከ ቅርብ ጊዜ ሐኪሙ ሁሉ የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ ትንንሽ ቁስሎችን አደረገ። ገሚሶቹን ለአየር ተዋቸው፣ ገሚሶቹን በስስ ፕላስቲክ ሸፈናቸው። የተሸፈኑት ሁለት እጥፍ ያህል ፈጥነው ቆዳ አወጡ። የሚሰፋው የቆዳ ሕዋስ የሚጓዘው በእርጥብ መንገድ ነው። ቁስሉ ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል፤ ሕዋሱም ከቅርፊቱ ሥር እርጥቡን ፍለጋ መቆፈር አለበት። በንጹሕ መሸፈኛ እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ይህ ድካም የለበትም።

«ማርስ ቢቀባበት?» የሚል አለ። ማር ከቅቤ ጋር አይመደብም። በሕክምና ደረጃ የተዘጋጀ ማር በመጠኑ የጠለቀን ቃጠሎ ከተለመዱት አንዳንድ መሸፈኛዎች ፈጥኖ እንደሚያሽር በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ባክቴሪያ የሚያድግበትን ውሃ ይስባል፣ ጥቂት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድም ያመነጫል። ከገበያ በቅል የመጣው ግን ያው አይደለም፤ ውሃውንም አይተካም።

እነሆ ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ደረስን። በስምንተኛው ቀን ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ በቀዩ ሜዳ ላይ ትንንሽ ገርጣ ያሉ ነጠብጣቦች ታዩ። እነዚያ የፀጉር ሥሮቹ ናቸው። ውሃው ላይኛውን ቆዳ ገፍፎታል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የተቀበረውን ዘር ግን አልደረሰበትም። ከየጉድጓዱ የወጣ ሕዋስ በየአቅጣጫው ይሰፋል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይገናኛል፣ ሲገናኙም ይቆማሉ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የእጇ ጀርባ አብዛኛው ተዘግቷል።

አዲሱ ቆዳ ነጣ ያለ ቀይ ነበር። እናት ደነገጡ። «ለምጽ ሆነባት እንዴ?» ሲሉ ነርሷን ጠየቋት። ለምጽ አይደለም። የመልክ ሕዋሳቱ ቆዳውን ከሚዘጉት ኋላ ነው የሚደርሱት፤ እነሱም ከፀጉር ሥር ነው የሚመጡት። ወራት ይወስዳሉ፤ አንዳንዴም ከመጠን አልፈው ከነበረው ያጠቁሩታል። እስከዚያው ፀሐይ እንዳያገኘው መሸፈን ነው።

ስለ ምግብም ነርሷ ተቆጥታለች። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ኢምንት ነው። ኮላጅን የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፣ ቫይታሚን ሲ ከሌለም አይጠነክርም። የተቃጠለች ልጅ ከቆጮው ጋር አይብ፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ባቄላ፣ ጎመን ትፈልጋለች። መስቀል ላይ መቃጠሏ በዚህ በኩል ጠቀማት! ስብራት ለገጠመው ሰው አስታራ የተባለውን የእንሰት ዓይነት አሚቾ፣ ማለትም ሥሩን፣ የሚያበሉት የጉራጌ እናቶች በምግብ ማዳንን ከማንም አልተማሩትም፤ እዚህ ላይ የጎደለው ከእንሰቱ ጎን የሚቀመጠው ነው።

በትንሿ ጣትና በአጠገቧ ባለችው መካከል ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ውሃው ተጠራቅሞ ቆየ፤ ጠልቆ ገባ፤ የፀጉር ሥሩንም ይዞት ሄደ። ዘር የለም። ቆዳ ሊመጣ የሚችለው ከዳር ብቻ ነው፣ እሱም እየዳኸ። ሰውነት ደግሞ ክፍት በር ይፈራል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አለው። ፋይብሮብላስት የሚባሉት ጠጋኞች ይመጣሉ፤ አዳዲስ የደም ሥር ይበቅላል፤ ጉድጓዱ በነካችሁት ቁጥር በሚደማ፣ እህል እህል በሚል ቀይ ሥጋ ይሞላል። ከጠጋኞቹ ከፊሎቹ እንደ ጡንቻ የመኮማተር አቅም ያወጣሉ፤ የቁስሉንም ዳርና ዳር ጨብጠው ወደ መሃል ይጎትታሉ። ቁስሉ ትንሽ ይሆናል። ጀርባ ላይ ወይም ጭን ላይ ይህ ብልሃት ነው፤ ቆዳው ሰፊ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። በሁለት ጣቶች መካከል ግን የሚጎተተው ጣቱ ራሱ ነው።

ቆዳ የሚቸኩለው ሊዘጋ ነው። እጁ ነገ እርሳስ ይጨብጥበት፣ ቡና ይቀዳበት፣ ለእሱ ግዱ አይደለም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያልተዘጋ ቃጠሎ ጠባሳውና ኩምትርትሩ አይቀርለትም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ልምድ ያላቸው ሐኪሞችም ያን ያህል ሳይጠብቁ ቆዳ ወደሚለጠፍበት ይልካሉ። የልጅቷ ጥልቅ ቁስል የምስር ፍሬ ያህል ስለነበር ተረፈች። ነርሷ ጣቶቿን ለየብቻ ነው የጠቀለለቻቸው፤ አብሮ የታሰረ ጣት አብሮ ይጣበቃልና። ሌሊት ሌሊት በትንሽ ጠፍጣፋ ድጋፍ ላይ ተዘርግተው ይታሰራሉ። ቀን ቀን እያለቀሰችም ቢሆን ትዘረጋለች፣ ትጨብጣለች።

የተዘጋ ቁስል አልሻረም። ሦስት ሳምንት የሞላው ጠባሳ ጥንካሬው ከጤነኛው ቆዳ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። በችኮላ የተዘረጋው ኮላጅን እየፈረሰ በጠንካራው ይተካል፤ ይህ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በጠባሳ ውስጥ ያ ቃጫ እንደ በፊቱ አይጠላለፍም፤ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ይገትራል። መጨረሻ ላይም ጥንካሬው ከጤነኛው 80 በመቶ ቢደርስ ነው። ፀጉር አያበቅልም፣ አያልበውም። በዚህ ዓመት ውስጥ ያሳክካል፣ ያብጣል፣ ይቀላል። በአንዳንዱ ሰው ደግሞ፣ በተለይም ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ፣ ማቆሚያውን ይረሳና ከቁስሉ ድንበር አልፎ ያብጣል፤ ኬሎይድ የሚሉት ነው። እሱን ቆርጦ ብቻ መጣል አያዋጣም፤ ብዙ ጊዜ ብሶበት ይመለሳል።

በዚህ ጊዜ አያት ሥራ አገኙ። ተዘግቶ የጠነከረ ጠባሳ በለስላሳ ቅባት ቢታሽ ይላላል። ነርሷ ቫዝሊን ሰጠቻቸው። ማታ ማታ የልጅቷን እጅ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያሹላታል። ከጓዳው ቅቤ ቀላቅለውበት እንደሆነ እኔ አላየሁም፤ ቆዳው ከተዘጋ ወዲያ አልከራከራቸውም።

ጀሪካኑ ያልተገኘላቸው፣ ቁስሉ ለወራት ክፍት ሆኖ የከረመባቸው ልጆችም አሉ። ጣታቸው ከመዳፋቸው ተጣብቆ፣ አገጫቸው ከደረታቸው ተሳስቦ ያድጋሉ። ለእነሱ መንገዱ ይረዝማል፤ ከወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር፣ ከቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ወዳለው የካቲት 12 ሆስፒታል። እዚያ ቀዶ ሐኪሙ የገተረውን ጠባሳ ይሰነጥቀዋል፤ ጣቱ ሲዘረጋ ከሥሩ ክፍት ሥጋ ይቀራል። ከጭን ላይ ስስ ቆዳ ይገፈፍና ይለጠፍበታል። የተለጠፈው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚኖረው ከሥሩ ካለው ፈሳሽ እየጠጣ ነው፤ በአምስተኛው ቀን ገደማ የደም ሥር ይገባለታል። የተገፈፈው ጭን ደግሞ የፀጉር ሥሮቹ ስላልተነኩ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን ይሸፍናል፤ ሌላ ጣት ሲቀር ሐኪሙ እዚያው ጭን ላይ ተመልሶ ሁለተኛ ይገፍፋል።